የቅጹ ጀርባ

ዛሬ ባንክ ውስጥ መስኮቴ ላይ እናትና ልጅ ቆሙ። ልጅቷ 12ኛ ክፍል ናት፣ ሶሻል። የቲቶሪያል 12,000 ብር ሊያወጡ ነው የመጡት።

የማውጫ ቅጹን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው በእርሳስ ተሞልቷል። 12,000 በ7 በመቶ ወለድ፤ በዓመቱ 12,840፣ በሁለተኛው 13,738.80 እያለ ወርዶ አራተኛው ጋ 15,729.55። እሱ ላይ ሁለቴ አስምራበታለች።

«ባናወጣው ስመረቅ ስንት ይሆን ነበር ብዬ ነው» አለች እፍር ብላ።

«አንቺ፣ ሰው አታስጠብቂ» እናት ናቸው።

ምን ልታጠኚ ነው አልኳት። ፋይናንስ፣ ያውም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ። ማትሪኩን ብታልፍ እንኳ የዩኒቨርሲቲው የራሱ መግቢያ ፈተና ይጠብቃታል። (እኔ አካውንቲንግ የገባሁት ምደባ ስላደረሰኝ ነው። ወለድ አስልቼ የማውቀው ለፈተና ብቻ!)

የ2014ን ማትሪክ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያቺን ቁጥርስ የቱ ወረቀት ጀርባ ላይ አስልታት ይሆን? አልጠየቅኳትም።

ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እናት ሳይቆጥሩ ወደ ቦርሳቸው ሊከቱ ሲሉ ልጅቷ ተቀብላ እዚያው ቆማ ደግማ ቆጠረችው። ሰልፉ አጉረመረመ። እሷ ቀና አላለችም።