ከጨጓራ ቀዶ ጥገናዬ በፊት ክብደት የቀነስኩበት መንገድ

«መቀነስ ከቻልሽማ ቀዶ ጥገናው ለምን አስፈለገ?» እህቴ ጠየቀችኝ። የሥራ ባልደረቦቼም ጠየቁኝ። ደም ልትቀዳልኝ የመጣች ነርስ ሳትቀር ጠየቀችኝ። ጥያቄው እኔም ውስጥ ነበር። ለዓመታት ስቀንስና መልሼ ስጨምር ኖሬ፣ በመጨረሻ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና እንዲሠራልኝ ወስኜ፣ ወረፋ ይዤ ስጠብቅ «ከዚያ በፊት ትንሽ ይቀንሳሉ» ሲሉኝ ግራ ገባኝ። የመጣሁት እኮ መቀነስ እምቢ ስላለኝ ነው።

ነገሩን ያስረዱኝ ቀዶ ሐኪሙ ናቸው። ወረቀት አወጡና ጨጓራ ሳሉ። ከዚያ በጨጓራው አናት ላይ የተጋደመ ሰፊ ነገር ሳሉና በእስክሪብቶ አጠቆሩት። «ይሄ ጉበትዎ ነው። እኔ የምሠራው ከዚህ ሥር ነው» አሉኝ።

የጉበት ግራ ክፍል የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ሸፍኖ ይቀመጣል። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በላፓሮስኮፒ ነው፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች እየገቡ። ስለዚህ ጨጓራው እንዲታይ አንዱ መሣሪያ ጉበቱን ቀና አድርጎ መያዝ አለበት። ክብደታችን ብዙ የሆነ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቻችን ጉበታችን ላይ ስብ አለ። ስብ ያለበት ጉበት ይተልቃል፣ ይከብዳል፣ ሲነካም በቀላሉ ይደማል። በጣም ከተለቀ ሐኪሙ ሆድን በሰፊው ከፍተው ለመሥራት፣ አንዳንዴም ሥራውን አቋርጠው ለመዝጋት ይገደዳሉ።

ደግነቱ ጉበት ቶሎ የሚለወጥ አካል ነው። ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታና ስኳር ሲቀነስ ይህ ክምችት ከነውሃው ይወጣል። ስቡም አብሮ መቀነስ ይጀምራል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉበቱ ያንሳል፣ ይለሰልሳልም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እስከዚያ ድረስ የሚፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር፤ «እስቲ ቆራጥነቷን እንይ» የሚሉኝ። ለካ ለሐኪሙ እጅ ቦታ እያስለቀቅኩ ነው። ፈተና ቢሆን አንድ ቀን ሲያቅተኝ ሁሉን እርግፍ አድርጌ እተወው ነበር፣ ራሴን አውቃለሁ። ሥራ ሲሆን ግን ዛሬ ቢጎድል ነገ ይቀጥላል።

ለእህቴ ጥያቄም መልስ አገኘሁ። ለጥቂት ሳምንታት መቀነስና ቀንሶ ለዓመታት መቆየት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብደት ስንቀንስ ሰውነት አደጋ የመጣበት ያህል ይቆጥረዋል። ርሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ይቀንሳል። ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይልም ይወርዳል። ብዙዎቻችን የቀነስነውን የምንመልሰው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። ስሊቭ በሚባለው ቀዶ ጥገና ከጨጓራው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ይወጣል፤ አብዛኛው ግሬሊን የሚመረትበት ክፍልም አብሮ ይሄዳል። ጨጓራን አሳንሶ ምግቡ የአንጀትን መጀመሪያ ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ባይፓስ የሚባለውም የአንጀትን ሆርሞኖች ይለውጣል። እህቴ ይህን ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እንደዚህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም እኮ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋና ደጋፊዬ እሷ ሆነች።

አሁን ወደ አደራረጉ ልግባ። የእኔ ዝግጅት ሁለት ደረጃ ነበረው። ወረፋ በምጠብቅባቸው ወራት ቀስ ያለ ለውጥ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ጥብቅ የሆነ የጉበት ማሳነሻ ምግብ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ለስላሳና ጭማቂ ተውኩ፣ ቁርስ ሳልበላ መዋል አቆምኩ፣ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በዚህ ብቻ ሚዛኑ ቀስ እያለ ወረደ።

ጥብቁ ምግብ በቀን ከ800 እስከ 1200 ካሎሪ ነው፤ መጠኑ እንደ ሰውዬውና እንደ ሕክምና ቡድኑ ይለያያል። ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ፣ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። ፕሮቲኑ የሚያስፈልገው ሰውነት ስቡን ትቶ ጡንቻውን እንዳይበላ ነው። የስነ ምግብ ባለሙያዬ ያዘዘችልኝ በቀን ሁለት የፕሮቲን ሼክ (የሚጠጣ፣ ፕሮቲን የበዛበት የምግብ ምትክ) እና አንድ ሳህን ምግብ ነበር። ሳህኑ ላይ ዶሮ ወይም ዓሣ ወይም እንቁላል፣ ጎኑ ላይ እንደ ድንች ስታርች ያልበዛበት አትክልት። በሼክ ብቻ የሚያዙ ቡድኖችም አሉ። ለእኔ ያቺ የሚታኘክ አንድ ሳህን ነፍሴን መለሰችልኝ። ሁለቱንም አማራጭ ከሰጧችሁ የሚታኘክ ነገር ያለበትን ምረጡ እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ከባድ ናቸው፤ ይህን ማለባበስ አልፈልግም። ራሴን አመመኝ። ትንሹም ትልቁም ነገር ያበሳጨኝ ነበር። ቡናውንም አብሬ እየቀነስኩ ስለነበር የራስ ምታቱ በረታ። ቡና ለመቀነስ የምታስቡ ከጥብቁ ምግብ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ ሁለቱ ባይደራረቡ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ፦ ርሃቡ ረገበ። ሰውነት ስብ ማቃጠል ሲጀምር ኬቶን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ርሃቡ ይቀልለታል። አፍ ይሸታል፣ ደንግጣችሁ የጥርስ ሐኪም ጋ እንዳትሮጡ። ሆድ ድርቀትም ይመጣል። ውሃ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር፣ ከአትክልቱ ጋር ደግሞ ባለሙያዋ ያዘዘችልኝ የፋይበር ዱቄት ረዱኝ። ሼኩ ሁሉ ጣፋጭ ስለሆነ አፌን ሲሰለቸኝ ትኩስ ቀጭን መረቅ እጠጣ ነበር።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምለው ስለ መድኃኒት ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፣ ኢንሱሊንም እወጋ ነበር። ምግቡ በግማሽ ወርዶ ኢንሱሊኑ እንደነበረ ከቀጠለ ስኳር አደገኛ በሆነ ሁኔታ ይወርዳል። ግሊቤንክላማይድና መሰሎቹ የስኳር እንክብሎችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ምግቡን ከመጀመሬ በፊት ሐኪሜ መጠኑን ቀነሱልኝ፤ በቀን አራት ጊዜ እየለካሁ እንድጽፍም ነገሩኝ። እንዲያም ሆኖ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ስቆልፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቁልፏ ከቀዳዳዋ አልገባ አለች። ላብ አጠመቀኝ። ለካሁ፣ ከ70 በታች ነው። ለዚሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩትን የግሉኮስ እንክብል ወሰድኩ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ለካሁ፣ ከዚያ ደወልኩ። በዚያው ቀን መጠኑ እንደገና ተቀነሰ። የግፊት መድኃኒቴም በኋላ ተቀንሷል፤ ከአልጋ ስነሳ ማዞር ጀምሮኝ ነበር።

ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉትን የስኳር እንክብሎች የምትወስዱ ደግሞ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። እነዚህ መድኃኒቶች ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስ፣ ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ደም አሲድ እንዲሆን ሊያደርጉ ይችላሉ። ከቀዶ ጥገናው ቀናት አስቀድሞም ይቆማሉ። ለስኳር ወይም ለክብደት የሚሰጠውን ሴማግሉታይድ ዓይነት መርፌ የምትወጉም ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩ፤ ጨጓራ ምግብ የሚያወጣበትን ፍጥነት ስለሚያዘገይ ማወቅ አለባቸው። የጎረቤት ወይም የጓደኛ ፕሮግራም ኮርጆ በራስ ጊዜ መጀመር የማይሆነው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ስለ ምሽት ልንገራችሁ። ቀኑን ሥራው ይዞኝ ያልፋል። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ የምቀመጥባት ሰዓት ግን ለዓመታት የመብያ ሰዓቴ ነበረች። ሆዴ ሳይርበው እጄ ይርበዋል። ለዚህ የጠቀመኝ ከእህቴ ጋር የያዝነው ልማድ ነው፦ ጫማዬን ሳላወልቅ ደጅ ታገኘኛለች፣ አብረን እንራመዳለን። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ረጅም መንገድ አንሄድም፣ እየተቀመጥን ነው። ስንመለስ ያቺ ሰዓት አልፋለች። እርምጃው ለሳንባና ለእግር ደም ዝውውርም ይጠቅማል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደም እንዳይረጋ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነሥቶ መራመድ ግድ ነውና ሰውነቴ ቀድሞ ለመደው።

ሌላው «የመጨረሻዬ ነው» የሚለው ስሜት ነው። የቀዶ ጥገና ቀን ሲቀርብ ብዙ ሰው የሚወደውን ምግብ ሁሉ ሊሰናበት ያምረዋል። እኔንም ያዘኝ፣ አለቀስኩም። ቡድኑ ውስጥ ላለችው የስነ ልቦና ባለሙያ ነገርኳት። አልገሠጸችኝም። «ያሳዝናል፣ ይህ ምግብ አብሮሽ የኖረ ነው» አለችኝና ስለ እያንዳንዱ ምግብ፣ መቼና ከማን ጋር እበላው እንደነበር ጠየቀችኝ። እያወራሁ ሄጄ የናፈቀኝ አብዛኛው ሰው እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ላይ ከወራት በኋላ አብዛኛውን ምግብ በትንሽ በትንሹ መብላት ይቻላል። የስነ ልቦና ቀጠሮን እንደ ማጣሪያ ብቻ አይተው ጥሩ ጥሩውን ለሚያወሩ ሰዎች አዝናለሁ። እዚያ እውነቱን መናገር የሚጠቅመው ለራስ ነው።

ልምምዶችም ነበሩ። ጉርሻን አሳንሶ ከ20 ጊዜ በላይ ማኘክ። በትንሽ የሻይ ማንኪያ መብላት። ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት። ውሃን ከመጋት ይልቅ ፉት ማለት። በጣም የከበደኝ ያለ ውሃ መብላት ነበር። መጀመሪያ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አነሳሁ፣ ከዚያ ሰዓት መያዝ ጀመርኩ፣ እያደር ለመድኩት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ይህ ሁሉ ግዴታ ይሆናል። በቁስልና በድካም ላይ አዲስ ልማድ ከመጀመር አስቀድሞ መልመድ ስንት ነገር ያቀላል።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ያቁም ይባላል። የእንቅልፍ ምርመራም አለ። እኔ ሌሊት ትንፋሼ እንደሚቋረጥ ያወቅኩት በዚሁ ምርመራ ነው፤ በጭንብል አየር እየገፋ የመተንፈሻ ቱቦን ክፍት የሚያደርገውን ሲፓፕ የሚባል ማሽን ማድረግ ስጀምር ቀን ላይ የጣፋጭ አምሮቴ ቀነሰ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ እንደሚርበው ያኔ በራሴ አየሁ።

ስለ ሚዛን አንድ ነገር ልበል። በጥብቁ ምግብ የመጀመሪያ ሳምንት ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ አብዛኛው ያ ከግላይኮጅን ጋር የወጣው ውሃ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይዘገያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፣ የጉበቱ ሥራ ግን እየቀጠለ ነው። በአንዳንድ አገር መድን ሰጪዎች ይህን ያህል ካልቀነስክ አንከፍልም ይላሉ። የአሜሪካ የሜታቦሊክና ባሪያትሪክ ቀዶ ጥገና ማኅበር ይህን ግዴታ ተቃውሞ አቋሙን በጽሑፍ አውጥቷል፤ እኔም እስማማለሁ። ለቀዶ ጥገናው ደኅንነት መዘጋጀት ተገቢ ነው። ቁጥር አልሞላህም ብሎ የታመመን ሰው መመለስ ግን ግፍ ነው። የተወሰነ ኪሎ ከተጠየቃችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። «ለጉበቱ ነው» ወይም «ለማደንዘዣው ነው» የሚል መልስ ያለው ሐኪም በደንብ ያስረዳችኋል።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ ቀዶ ሐኪሙ አልጋዬ ጋ መጥተው «ጉበትዎ አላስቸገረኝም፣ በደንብ ተነሥቶልኛል» አሉኝ። ከሚዛኑ ቁጥር ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

ለምትጀምሩ የምመክረው፣ የመጀመሪያውን ሼክ ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን አስጽፉ፦ የትኛው መድኃኒት በስንት ይቀነስ፣ ስኳር ወይም ግፊት ቢወርድ በሌሊትም ቢሆን ለማን ይደወል፣ አንድ ቀን ምግቡ ባይከበር ምን ይደረግ። የእኔ ቡድን ለመጨረሻው የሰጡኝ መልስ «በሚቀጥለው ምግብ ይመለሱ፣ ደግሞም ይንገሩን» የሚል ነበር። ሼኩን ደግሞ በካርቶን አትግዙ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የብዙ ሰው ጣዕም ይለወጣል። እኔ በፊት ስወደው የነበረውን ቫኒላ አሁን ማሽተት አልችልም፤ የተረፈኝን ለሌላ ታካሚ ሰጥቼ ሌላ ጣዕም ገዛሁ።