ፒፕስ የቀበረው አይብ

የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሹም የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1660 እስከ ግንቦት 1669 የዕለት ውሎውን፣ ማንም እንደ ዋዛ አንሥቶ እንዳያነበው በምልክት በሚጻፍ አጭር ጽሕፈት (ሾርትሃንድ) እየመዘገበ አኖረ። በነዚያ ዓመታት ለንደን ላይ ቸነፈርና እሳት ተከታትለው ወረዱባት። እኔን ወደ ማስታወሻው ደጋግሞ የሚመልሰኝ የመዓቱ ግዝፈት ሳይሆን ጸሐፊው የራሱን ገመና አለመደበቁ ነው።

በ1665 መስከረም፣ ገዝቶ ያቆየውን፣ ከሰው ጠጉር የተሠራ ዊግ ለማድረግ ፈራ፤ ጠጉሩ በቸነፈር ከሞተ ሰው ራስ የተቆረጠ ቢሆንስ? በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ እንደዚያ የቸነፈር ወራት ተደስቶም ሆነ ገንዘብ አግኝቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ዐረፍተ ነገር ይሰርዘው ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1666፣ እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የቤት ሠራተኛው ቀስቅሳ እሳት መነሣቱን ነገረችው፤ በመስኮት አይቶ ሩቅ ነው ብሎ ተመልሶ ተኛ። ፑዲንግ ሌን በተባለ መንገድ ከሚገኝ ዳቦ ቤት የተነሣው እሳት ግን በበጋው የደረቁትን የእንጨት ቤቶች በምሥራቅ ነፋስ እየተገፋ ይበላ ነበር። ሲነጋ በጀልባ ቴምዝ ላይ ሆኖ፣ ሰዎች ዕቃቸውን ወደ ወንዙ ሲጥሉ፣ እርግቦችም ጎጇቸውን መተው አቅቷቸው በየመስኮቱ ሲያንዣብቡ ክንፋቸው እየተቃጠለ ሲወድቁ ተመለከተ። ወደ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ሄዶ ቤቶች ካልፈረሱ እሳቱ እንደማይቆም አስረዳ፤ ትእዛዙን ይዞ ሲመለስ ያገኘው ከንቲባ፣ አንገቱ ላይ መሐረብ ጠምጥሞ፣ ሕዝቡ አልታዘዝ እንዳለውና እሳቱ እየቀደማቸው እንደሆነ እያማረረ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፒፕስ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ወይኑንና የፓርሜዛን አይቡን ቀበረ። (ከተማ ሲነድ አይብ ማሰቡን ብዙዎች ይስቁበታል፤ እኔ ግን ምስክርነቱን ያመንኩት በአይቡ ነው።)

13,200 ያህል ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ፤ የፒፕስ ቤት ግን ተረፈ። በየካቲት 1667 መጨረሻ፣ እሳቱ ከጠፋ ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ እስከዚያች ዕለት ድረስ ሌሊት ሌሊት የእሳት ፍርሃት እንደሚያስጨንቀው ጻፈ። ያን እሑድ ሌሊት ተመልሶ የተኛው ሰው፣ በዚያች ሌሊት እሳትን እያሰበ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ አልወሰደውም።