የእንጨት ሳንቲም

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ የገበሬዎች ገበያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ መሥራት ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ አንዲት ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ የፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠውን የምግብ ድጎማ፣ ካርድ መቀበል ነው። ካርድ ያለው ሰው ስንት ዶላር እንደሚፈልግ ይነግረኛል፣ በማሽኑ አሳልፍለታለሁ፣ የምስጢር ቁጥሩን ይነካል፣ እኔም በልኩ የእንጨት ሳንቲም እቆጥርለታለሁ። እሱን ይዞ ወደ ገበሬዎቹ ይሄዳል። ገበሬዎቹ ደግሞ ማታ የሰበሰቡትን ሳንቲም አስቆጥረው ይፈርማሉ፤ ገንዘባቸው በቼክ ይመጣላቸዋል። እንቁላል የሚሸጠው ሰውዬ ቼኩ ዘገየብኝ እያለ በየሳምንቱ ያማርራል፤ ግን ሳንቲሙን አልቀበልም ብሎ አያውቅም።

የተቀበሉኝ አማርኛ ስለምናገር ነበር። የአገሬን ሰው እረዳለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት።

አንድ ቀን፣ ሰኔ ላይ ይመስለኛል፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በድንኳኑ ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው "እማማ፣ ምን ልርዳዎት?" አልኋቸው። አማርኛ ሲሰሙ ደነገጡ። የደስታ ድንጋጤ አልነበረም።

"ልጄ፣ እዚህም ሐበሻ ይሠራል እንዴ?"

ለካ ከሠፈራቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው እዚህ ድረስ የመጡት የሚያውቃቸው ሰው እንዳያገኙ ኖሯል። ካርዳቸው በመሀረብ ተጠቅልሎ ከቦርሳቸው ሥር ነበር። ሜሪላንድ ይህን ካርድ "ኢንዲፔንደንስ ካርድ" ብላ ነው የሰየመችው፤ ነፃነት መሆኑ ነው። እማማ ነፃነታቸውን ሁለት ጊዜ አጥፈው ቋጥረውታል።

አሥር ዶላር አሉኝ። ከካርዳቸው አሥር ቀነስኩና አሥር ቀይ ሳንቲም ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ደግሞ አሥር አረንጓዴ ጨመርኩ። ግራ ገባቸው። "ይኼ ምርቃት ነው፣ ካርድዎ ላይ አይነካም፤ ለአትክልትና ለፍራፍሬ ብቻ ነው" አልኋቸው። ቀዩ ለዳቦም፣ ለማርም፣ ለእንቁላልም ይሆናል።

ይህ እጥፍ አድርጎ መስጠት በእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። የታኮማ ፓርኩ ክሮስሮድስ ገበያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ሲከፈት ጀምሮ ሲያደርገው ነበር። ሐሳቡ ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1939 በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ የመጀመሪያው ፉድ ስታምፕ ሲሰጥ የእውነት ቴምብር ነበር፦ ሰው በአንድ ዶላር ብርቱካንማውን ሲገዛ የሃምሳ ሳንቲም ሰማያዊ ይጨመርለታል፤ ሰማያዊው ደግሞ ገበሬው ገዢ ላጣበት ትርፍ ምርት ብቻ የሚውል ነበር። የእኔ ቀይና አረንጓዴ የዚያ የልጅ ልጅ ናቸው። ወረቀት በነበረበት ዘመን ገበሬው ራሱ ተቀብሎ ኪሱ ይከተው ነበር። ወረቀቱ በ2004 በመላው አገሪቱ በካርድ ተተክቶ ሲያልቅ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው መብራትም ሆነ የስልክ መስመር ከየት ያምጣ? ገመድ አልባው ማሽን እስኪደርስለት ቆሞ አየ። አሁን ለገበያው በሙሉ አንድ ማሽን አለ፤ ዝናብ ሲሆን እሱም ኔትወርክ ያጣል፣ እኔም ማሽኑን እንደ ታቦት ራሴ ላይ አድርጌ ሜዳውን እዞራለሁ።

እማማ ሳንቲሞቹን በጭብጣቸው ያዙና አካባቢውን ቃኙ። አጠገባችን አንድ ወጣት በባንክ ካርዱ ሰማያዊ ሳንቲም ይቀበላል። አዩት።

"የሱ ለምን ሰማያዊ ሆነ?"

"ያው እንጨት ነው፣ እማማ" አልኋቸው።

ምን ያህል ደካማ መልስ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁት። በኋላ አስተባባሪዋን ለምን አንድ ቀለም አይሆንም ብዬ ጠየቅኋት። ምክንያቱን ነገረችኝ፦ በባንክ ካርዱ ሳንቲም የገዛ ሰው በጥሬ ገንዘብ መልስ ይሰጠዋል፤ በፉድ ስታምፑ ግን ሕጉ መልስ ይከለክላል። ትኩስ የተበሰለ ምግብ፣ አበባ፣ ሳሙናም በእሱ አይገዛም። ቀለሙን ሻጩ እንዳይሳሳት ነው ያደረጉት። ገብቶኛል፤ አልተዋጠልኝም። ለሻጩ ሲባል የተቀባው ቀለም ለሐሜተኛውም ይታያል።

ወደ ጎመኑ አብሬያቸው ሄድኩ። ገበሬው ከፔንሲልቬንያ የሚመጣ፣ ፂማም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጎመኑ አንዱ እስር ሦስት ዶላር ከሃምሳ ነበር። እማማ አገላብጠው አዩት፣ ቅጠሉን ከግንዱ ጋር ቀጨም አድርገው ሰበሩት፣ ጠረኑን አሸተቱ። አራት አረንጓዴ ሳንቲም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ።

"መልሱስ?"

"አይመልስም፣ እማማ፤ ክልክል ነው።"

"እንግዲያውስ ይመርቅ!"

ይህን እንዴት ብዬ በእንግሊዝኛ እንደምነግረው ሳሰላስል፣ ሰውዬው ሳይነገረው ሦስት ቃሪያ አንስቶ ከጎመኑ ላይ አደረገላቸው። ለካ ሁልጊዜም ሃምሳ ሳንቲሟን የሚያወራርደው በዚህ ነው። እማማ ቃሪያውን አዩት፣ ሰውዬውን አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣

"ይኼስ የመርካቶ ሰው ነው!" አሉ።

ጭብጣቸው ተፈታ። ቀይ ሥር ገዙ፣ ነጭ ሽንኩርት ገዙ። ማሩን ቀምሰው "ስኳር ነው" ብለው ትተውት ሄዱ። ለምግብ የሚሆን ችግኝም በዚሁ ሳንቲም እንደሚገዛ ስነግራቸው ግን ዓይናቸው በራ፤ የቀራቸውን ሦስት ቀይ ሳንቲም አንዲት የቃሪያ ችግኝ ላይ አዋሉት። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ አላቸው።

ሲሄዱ ለገበሬው "ይቅናህ" አሉት። ምን አሉኝ ብሎ ጠየቀኝ። መተርጎም እንደጀመርኩ ካርድ የያዙ አንድ አባት በድንኳኑ ፊት መመላለስ ጀምረው ስለነበር ሮጬ ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው ሰላም ያልኳቸው።