ክንፌ አላነሳም ያለበት ምክንያት

ስምንት ወር የፈጀብኝን፣ ራሴ የምሠራውን የአውሮፕላን ክንፍ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ አስነካሁት። ክንፍ ስል ሙሉውን አይደለም፤ ሁለት ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ነው። ጎድኖቹ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡ፣ ልብሱ አቡጄዲ፣ በላዩ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ የጠጣ። ደሴ ለጥ ያለ መሬት ስለማይገኝ በአጎቴ ልጅ ፒካፕ ላይ አስረን፣ በብርድ ልብስ ሸፍነን የሀረጎን ቁልቁለት ወረድን። መሸፈኑ ለዕይታ ብቻ አልነበረም፤ በየጠመዝማዛው ክንፉ መነሳት ይፈልግ ነበር። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን መነሳቱን ተወው።

አዲስ ለገባችሁ፦ የምከተለው ጀርመኖች “ሽቶርህ”፣ በእኛ ቋንቋ ሽመላ፣ ያሉትን ፊዝለር 156 ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የበረረ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.25 ሜትር፣ ሞተሩ 240 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ እግረ ረጅም አውሮፕላን ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እያዘገመ እንኳ አየር ላይ ይቆያል። በአውስትራሊያ ኔስቶር ስሌፕቼቭ ወደ ሦስት አራተኛ አሳንሶ በ80 የፈረስ ጉልበት የሮታክስ ሞተር አብርሮታል፤ እኔም ልኬን የወሰድሁት ከዚያ ሐሳብ ነው። ሞተሩም የሲቪል አቪዬሽን ፈቃዱም ገና ሩቅ ናቸው፤ አሁን ያለሁት ክንፍ ላይ ነው።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር አክስቴ ሥራዬን አልወደዱትም። “ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በቦምብ ያስደበደበውን ሰው ከተራራ ላይ ያወረደ አውሮፕላን! ሌላ ጠፋና ነው?” አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ሙሶሊኒን ታስሮበት ከነበረው ከኢጣሊያው ግራን ሳሶ ተራራ ያወጣችው ሽመላ ናት፤ ዕለቱም መስከረም 1 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ የእኛ ዕንቁጣጣሽ ነበር። እኔ የማስበው ግን በዚያ ድንጋያማ ቁራጭ መሬት ከልኳ በላይ ተጭና እንዴት እንደተነሳች ነው። ይህን ስነግራቸው ቡናውን ያለ እኔ ጠጡ።

ወደ ሙከራው ልመለስ። ክንፉን ከጋቢናው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጌ በቱቦላሬ ማማ ላይ አቆምሁት፤ ጋቢናው የሚያተራምሰው ነፋስ እንዳይደርስበት ነው። የሚያነሳውን ኃይል የምለካው ሥጋ ቤቶች በሚጠቀሙበት ማንጠልጠያ ሚዛን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ያለ ስላት፣ የክንፉን ፊት ከነፋሱ አቅጣጫ 15 ዲግሪ ቀና ሳደርገው 17 ኪሎ አነሳ፤ ከዚያ በላይ ሳቀናው ግን የሚያነሳው ኃይል ወደቀ። ስላት ማለት በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ትንሽ ክፍተት ትታ የምትገጠም ቀጭን ረዳት ክንፍ ናት፤ የሽመላዋ ምስጢር ግማሹ እርሷ ናት። ገጠምኋት። ሚዛኑ 16 ኪሎ አለ። ስምንት ወር ሠርቼ አንድ ኪሎ ቀነስሁ!

በሬዎቻቸውን ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት “ይህ የቤት በር ነው ወይስ ጋሻ?” አሉኝ። ክንፍ መሆኑን ስነግራቸው ዞር ዞር ብለው አዩትና “አብሽር ልጄ” አሉ።

መፍትሔው የመጣው ከእናቴ የጥልፍ ክር ነው። ጣት የሚያክሉ ቁራጭ ክሮች በክንፉ ጀርባ ላይ ለጥፌ በስልክ ቀረጽሁ። ክሮቹ ከፊት ጀምረው እንደ እብድ ይሽከረከራሉ፤ አየሩ ክንፉን ለቅቆታል ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ክፍተቱን 25 ሚሊ ሜትር፣ ከታችም ከላይም እኩል አድርጌዋለሁ። መሆን የነበረበት ከታች ሰፊ ሆኖ ወደ ላይ መውጫው የሚጠብ ነው፤ በአውራ ጣት የታፈነ የውኃ ጎማ እንደሚፈተልክ፣ አየሩ ሲጠብበት ፈጥኖ በጀርባው ላይ እንዲለጠፍ። መውጫውን ወደ 10 ሚሊ ሜትር አጠበብሁትና በሁለተኛው እሑድ ተመለስን። 23 ዲግሪ ላይ 24 ኪሎ። ክሮቹ ተኝተው ነበር። የአጎቴ ልጅ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው በሬዎቹ በረገጉ።

ስላት በነፃ አትሠራም፤ ቋሚ ስለሆነች በፍጥነት በረራ ጊዜ ትጎትታለች። ሽመላዋ በሰዓት ከ175 ኪሎ ሜትር ብዙም የማታልፈው በዚህ ጭምር ነው። ለእኔ ግን ከፍጥነት ይልቅ ከፍታው ያሳስበኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ጥግግት የባሕር ጠለሉን 78 በመቶ ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ 83 በመቶ። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ 50 የተባለው ፍጥነት ደሴ ላይ 57 ይሆናል፤ የመንደርደሪያው ርቀትም ከሩብ በላይ ይረዝማል፤ ይህ የሞተሩ መድከም ሳይቆጠር ነው። ከአውሮፓ የተገኘ ሰንጠረዥ ይዛችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ሳታርሙ እንጨት አትቁረጡ። እኔ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘውን ተሸካሚ እንጨት ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ፍላፑን፣ ማለትም በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ታች የሚታጠፈውን ክፍል፣ ገጥሜ እወርዳለሁ። አዛውንቱን በሬዎቹን በዚያ ሰዓት እንዳያወጡ ለመንኋቸው፤ “ለምደውታል፣ ይልቅ ያን ጥሩምባ ተው” አሉኝ።