የጀሪካኑን ሳንቲም ሳላስቆርጥ እንዴት ወደ ብር መለስኩት

ነገሩ የተጀመረው በማስቲካ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰፈሬ ካለው ሱቅ የሆነ ነገር በገዛሁ ቁጥር "ቲቸር፣ መልስ የለኝም" እየተባልኩ ማስቲካና ከረሜላ ስቀበል ከረምኩ። አንድ ቀን የቦርሳዬን ኪስ ስፈትሽ አስራ አንድ ማስቲካ አገኘሁ። እኔ ደግሞ ማስቲካ አላኝክም። ከዚያ በኋላ "ሳንቲም ካለ ስጠኝ፣ ከሌለ ነገ እወስዳለሁ" ማለት ጀመርኩ፤ የተሰጠኝን ሁሉ ማታ ማታ ባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ እጨምራለሁ። ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ትከሻው ላይ በጋለ ቢላ የበሳሁት።

ጊዜው መስከረም 2013 ነበር። የአስር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ ሁለት መቶው አዲስ የወጣበት ወር ነው። ፍራሽ ስር ብር የደበቀ ሁሉ ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ ሳንቲሞቹን ግን ማንም አልነካቸውም። እኔም በልቤ "ሳንቲም አይቀየር፣ አይበሰብስ፣ አይጥ አይበላው" አልኩ። አይጡን በተመለከተ ልክ ነበርኩ።

አራት ዓመት ሞላ። ኅዳር 2017 ላይ ቤት ሳጸዳ ጀሪካኑን ከአልጋ ስር ስጎትት እጀታው ተገንጥሎ እጄ ውስጥ ቀረ። ዕቃው ራሱ "በቃኝ" አለ ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ቢላ አመጣልኝ፣ ሆዱን ቀደድነውና ወለሉ ላይ ዘረገፍነው። የሸተተን ሽታ! የአራት ዓመት የሰው እጅ፣ የባጃጅ ቤንዚንና የዘይት ትራፊ አንድ ላይ። ሳይታጠብ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። በሞቀ ውኃና በኦሞ አሽተን አጠብነው፣ ሰፌድ ላይ አሰጣነው። ጎረቤቴ በአጥር በኩል አይታ "በርበሬ ነው እንዴ?" ስትል "ቡና ነው፣ ዘንድሮ ነጭ አፈራ" አልኳት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በደንብ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ከቋጠራችሁት ሽታው ይመለሳል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር እንደዛ አድርጌ ሁለተኛ አጥቤያለሁ።

ከዚያ መለየት። ልጄ በዚህ ዘመን የተወለደ ስለሆነ ስሙኒና ሽልንግ የሚባሉትን ባለ ሃያ አምስትና ባለ ሃምሳ ሳንቲሞች በስም እንጂ በዓይን አያውቃቸውም ነበር። አስር ሳንቲሙ ላይ ያለውን የደጋ አጋዘን "ፍየል" አለው። ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ግን ግማሽ ቀን ቆየን፤ ሳንቲሞቹ ላይ ፲፱፻፷፱ የሚለውን ማንበብ አቃተው፣ አንድ ብሩ ላይ ደግሞ ፳፻፪ ይላል። የግእዝ ቁጥር በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ እኔ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን የገባው ተማሪ ግን አላየሁም።

ቆጥረን ስንጨርስ ባለ አንድ ብሩ 1,873፣ ሽልንግ 212፣ ስሙኒ 164፣ አስር ሳንቲም 90፣ አምስት ሳንቲም 7 ሆነ። በድምሩ 2,029 ብር ከ35 ሳንቲም።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ባጃጅ ተራ ላይ ዝርዝር ወደሚሸጠው ልጅ ነው። ሥራው የታወቀ ነው፤ ከሰው ሳንቲም ይሰበስባል፣ መልስ ለጨነቀው ሾፌር ደግሞ መቶ ብር ተቀብሎ ዘጠና አምስት ይቆጥርለታል። እኔን "መቶውን በዘጠና ሁለት እወስዳለሁ" አለኝ። በልቤ አሰላሁት፦ ባለ አንድ ብሩን ብቻ ብሰጠው ወደ መቶ ሃምሳ ብር ሊቆርጠኝ ነው። ሽልንግና ስሙኒውን ሳሳየው ሳቀ። "ይሄንንማ ለማን ልሽጠው ቲቸር?" በእሱ አልተናደድኩም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውልበት ነው። ግን የራሴን ብር ለመቀየር ብር መክፈል አልዋጥልህ አለኝ።

ሁለተኛ ባንክ። ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ሳንቲሙን በማዳበሪያ ከረጢት እንደተዘረገፈ ይዤ፣ በኅዳር፣ ያውም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጅማን የሚያውቅ ኅዳር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ እሸት ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው። ነጋዴው ለገበሬ የሚከፍለውን ጥሬ ብር በከረጢት ሊያወጣ ተሰልፏል፣ ገንዘብ ከፋዮቹ ቀና የሚሉበት ጊዜ የላቸውም። ገንዘብ ተቀባይዋ ከረጢቴን አይታ "እናቴ፣ ይሄን ዛሬ ማን ይቆጥረዋል? ሌላ ቀን ይምጡ" አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ደግሞ "የሙዳየ ምጽዋት ነው እንዴ?" ብሎ ሰልፉን አሳቀብኝ። አሥራ አምስት ኪሎ የሚሆን ብረት እንደተሸከምኩ ወጣሁ። እስከ ባጃጁ ድረስ ሦስት ቦታ አርፌያለሁ።

ማታ አሜሪካ ላለችው እህቴ በስልክ ነገርኳት። እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳንቲም የሚቆጥር ማሽን አለ አለችኝ፤ ዘርግፈህ ትሰጠዋለህ፣ ከመቶ ከአስር በላይ ቆርጦ ቀሪውን ይሰጥሃል። "ግን በጥሬው ሳይሆን የሱቅ መግዣ ካርድ ከወሰድሽ ምንም አይቆርጥም" አለች። ባንክ መውሰድ ለፈለገ ደግሞ ባንኩ መጠቅለያ ወረቀት በነጻ ይሰጣል፤ ባለ ሃያ አምስት ሳንቲማቸው አርባ አርባ ሆኖ ሲጠቀለል አንዱ ጥቅል አስር ዶላር ነው። ማሽኑ ለጅማ አይረባኝም። ሁለቱ ነገሮች ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀሩ፦ ጥቅሉና የሱቁ ነገር።

የመምህር ቤት ምን ይጠፋል ቢባል ወረቀት አይጠፋም። ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት አወጣሁና ሳንቲሙን ሃምሳ ሃምሳ እያደረግን ጠቀለልን። አንዱን ጫፍ አጥፌ በስካች አሽገዋለሁ፣ ልጄ አስር አስር እየደረደረ አምስት ጊዜ ያስገባል፣ ሌላውን ጫፍ እዘጋለሁ፣ ላዩ ላይ "50 ብር" ብዬ ቀኑን ጽፌ እፈርማለሁ። የጣት ርዝመት ያለው ጠንካራ በትር ይሆናል። ሁለት በትር መቶ ብር ነው፤ ማንም ዓይቶ ይረዳዋል።

የመጀመሪያውን ለባጃጅ ሾፌሮች ነው ያደረስኩት፣ በቀጥታ፣ ያለ ደላላ። ወደ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰኝ ልጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለት በትር ስሰጠው ዓይኑን ማመን አልቻለም። መቶውን ኖት ሰጠኝና "ገለቶሚ ቲቸር" ብሎ ሄደ። ማታ ግን መጣ። ፈራ ተባ እያለ "ቲቸር፣ ከአንዱ ጥቅል አንድ ብር ጎሎብኛል፤ ለብሩ ሳይሆን፣ ሌላውም እንደዚህ እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው" አለኝ። አንዷን ብር ከፍዬ ልጄን ጠራሁት። ካርቱን እያየ ነበር የሚደረድረው።

ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መቁጠር ሞት ነው። መፍትሔውን ያገኘሁት ከሒርማታ ገበያ ነው። ሐሙስ ገበያ ላይ ቅመም የምገዛባቸው እትዬ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አላቸው። ሦስት ጊዜ የቆጠርኩትን አንድ ጥቅል ባንዱ ሳህን አድርጌ ሌሎቹን ተራ በተራ በሌላው አስቀመጥኩ። ልክ የሆነው እኩል ይቆማል፣ የጎደለው ከፍ ይላል፤ በአንዲት ሳንቲም! ከሰላሳ አምስቱ ሁለቱ ጎዶሎ፣ አንዱ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። ቢያንስ ልጄ ሌባ አለመሆኑ ተረጋገጠ። ልጄ አንድ ብሩን ገልብጦ "እማ፣ እዚህም ላይ ሚዛን አለ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ባንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ነው ያለበት፤ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ልብ ብዬው አላውቅም። እትዬም "ድሮ እዚሁ ገበያ ላይ ማርያ ትሬዛ የሚባለው የጥንት ብር በጣት እየተንኳኳ ድምፁ ይሰማ ነበር ይባላል፣ አንቺ ደግሞ በሚዛን መጣሽ" ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለ። ሾፌሩ ለጓደኞቹ ነግሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ 600 ብር በባጃጅ ተራ ወጣልኝ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፦ ጠዋት ከመጀመሪያው ተሳፋሪ በፊት ከሆነ ይሻሙበታል፣ ከሰዓት ከሆነ ኪሳቸው ራሱ በሳንቲም ሞልቷል። በዚያ ላይ አሁን ብዙ ተሳፋሪ በቴሌብር ነው የሚከፍለው። የሚገርመው፣ ቴሌብርም የተጀመረው እኔ ጀሪካኑን ባስቀመጥኩበት በ2013 ነው። ሌላ አራት ዓመት ብጠብቅ ኖሮ ሾፌሩም ላይቀበለኝ ይችል ነበር።

ማስቲካ ሲሰጠኝ ወደከረመው ባለ ሱቅ ስምንት በትር ይዤ ሄድኩ። የእህቴን ምክር አስታውሼ ግማሹን በዕቃ እንደምወስድ ነገርኩት። ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት ወሰድኩ፣ ቀሪውን ሁለት መቶ ብር በኖት ሰጠኝ፣ አንዲት ድምቡሎ አልቆረጠም። ሲያስረክበኝ "ከእንግዲህ መልስ አለ ቲቸር" አለ። ማስቲካ ሊመርቅልኝ ሲል እጁን መለስኩት።

በ27 የመድኃኔዓለም ዕለት ደግሞ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስድስት በትር በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ። ምእመኑ ለነዳያን የሚሰጠው ዝርዝር ፍለጋ ጧፍ ሻጮቹን ነው የሚያስጨንቀው። አንዷ ሦስት መቶውን እንዳለ ወሰደችኝና ገና ቅዳሴ ሳያልቅ ጨርሳዋለች። ጎረቤቴ ሀጂም ይህን ሰምተው "ልጄ፣ ለእኛስ ጁምዓ የለንም እንዴ?" አሉኝ። ለሰደቃ 200 ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

የቀረው 373 ብርና ማንም የማይነካው ሽልንግና ስሙኒ ነው። ለዚህ ያለው ባንክ ብቻ ነው። በዚህኛው ዙር ከሌላ ባንክ ቅርንጫፍ ሄጄ መጀመሪያ ባዶ እጄን ጠየቅሁ፦ "መቼ ባመጣ ነው የማላስቸግራችሁ?" ማክሰኞ ከሰዓት ተባልኩ። ሁሉንም በየዓይነቱ ጠቅልዬ፣ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ይዤ ቀረብኩ። ልጁ ሁለቱን ጥቅል ፈትቶ ቆጠረ፣ ሌሎቹን ከነሱ ጋር እያስተያየ ተቀበለ፤ ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። አምስት ሳንቲሞቹ ጋ ሲደርስ "እነዚህንም?" አለኝ። "እነሱንም" አልኩ። ደረሰኙ ላይ 529.35 ብሎ ጻፈ፣ የአገልግሎት ክፍያ የሚል ነገር የለበትም።

ስለዚህ ደላላው ሊወስድብኝ የነበረውን መቶ ሃምሳ ብር አድኛለሁ። ግን አንድ የማይመች ሒሳብ አለ። ጀሪካኑን ስጀምር እንቁላል አንዱን በ6 ብር እገዛ ነበር፣ ስቀደው 15 ብር ገብቷል። መጀመሪያ የጣልኳት ስድስት ብር አንድ እንቁላል ነበረች፣ ስትወጣ ግማሽ እንኳን አትሞላም። ደላላው የጠየቀኝ ከመቶ ስምንት ብቻ ነው፤ አልጋዬ ስር ያለው ጀሪካን ከዚያ የባሰውን ዝም ብሎ ሲቆርጠኝ ኖሯል። ባንኩም ቢሆን የወለዱ ነገር ከዋጋው ጋር አይሮጥም፣ ቢሆንም ከጀሪካን ይሻላል።

አሁን ጀሪካን የለም። በር ላይ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ አለ፣ በስካች ግድግዳው ላይ ተለጥፎ። መቶ ሲደርስ ልጄ ይጠቀልለዋል፤ ካርቱን ተዘግቶ ነው ታዲያ። ጠዋት ባጃጁ ጥሩምባ ሲያሰማ ሁለቱን በትር እንደ ምሳ ዕቃ ይዤ እወጣለሁ። ሽልንግና ስሙኒ ከመጣብኝ ለብቻው በክብሪት ቀፎ ነው የማስቀምጠው፤ እስካሁን ሦስት ስሙኒ አለ።