የእጅ ባትሪዎችን ድምቀትና የሚደርሱበትን ርቀት በቤቴ እንዴት እንደለካሁ

የኤልኢዲ የእጅ ባትሪዎች ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለእምነት የማይመች ስለሆነ፣ ከመርካቶ የገዛኋቸውን ሁለት ባትሪዎችና ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣልኝን አንድ ባትሪ ራሴ ለመለካት ወሰንሁ። ለዚህ የተለየ መሣሪያ አላስፈለገኝም። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች የስክሪናቸውን ድምቀት የሚያስተካክሉበት የብርሃን ሴንሰር ስላላቸው፣ ንባቡን በሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሚለካበት መለኪያ) የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ መጫን ይበቃል። ሴንሰሩ የላቦራቶሪ ያህል ትክክል ባይሆንም፣ ሁሉንም በአንድ ስልክ እስከለኩ ድረስ ለማወዳደር ያገለግላል።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ድምቀትና ርቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሉመን ከባትሪው የሚወጣውን ብርሃን በጠቅላላ ሲለካ፣ ካንዴላ ግን ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ይለካል፤ ስለዚህ ትንሽ ሉመን ያለው ባትሪ ብርሃኑን በሌንስ አጥብቦ ከትልቁ ርቆ ሊያበራ ይችላል።

ለርቀቱ ማታ መብራት አጥፍቼ፣ በኮሪደሩ ላይ 5 ሜትር በሜትር ለክቼ፣ የጨረሩን ደማቅ እምብርት በስልኩ ሴንሰር ላይ አሳረፍሁና ንባቡን በርቀቱ ስኩዌር፣ ማለትም በ25 (5 × 5) አባዛሁ፤ ውጤቱ ካንዴላ ነው። በ1 ሜትር መለካት ስሌቱን ቢያቀልም፣ ጨረሩ በዚያ ቅርበት ገና ቅርጹን ስለማይይዝ ንባቡ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣው ኤፍኤል 1 የተባለው መስፈርት፣ የባትሪ ርቀት የሚባለው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ቦታ ነው ይላል፤ ይህም በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። ስሌቱም የካንዴላውን ስኩዌር ሩት ወስዶ በ2 ማባዛት ነው። ከመርካቶ የገዛሁት ባለ ሌንሱ ባትሪ 484 ሉክስ ስላነበበ 12,100 ካንዴላ፣ ማለትም 220 ሜትር ሆነ። ከውጭ የመጣው ደግሞ 144 ሉክስ፣ 3,600 ካንዴላና 120 ሜትር ሰጠ። ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን ስላለበት፣ ማሸጊያው ላይ «1000 ሜትር» የሚል ባትሪ 250,000 ካንዴላ ያስፈልገዋል፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ርካሽ ባትሪ ይህን ይሰጣል ብዬ አላምንም። ደግሞም በጨረቃ ብርሃን የሰውን ፊት መለየት ስለሚያስቸግር፣ እኔ የተሰላውን ርቀት ግማሽ ብቻ ነው የምቆጥረው፤ እዚያ ላይ 1 ሉክስ ይገኛል።

ለጠቅላላው ድምቀት ጣሪያው ነጭ በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ባትሪውን ወደ ላይ አቁሜ፣ ስልኩን ቀጥተኛው ጨረር በማያገኘው አንድ ቦታ ላይ አስቀምጬ፣ ከጣሪያው የሚመለሰውን ብርሃን ለካሁ። እዚህ ላይ ደረጃው ተገለበጠ፦ ከውጭ የመጣው 21 ሉክስ ሲያሳይ ባለ ሌንሱ 9 ብቻ አሳየ። ሦስተኛው፣ ብዙ ጥቃቅን አምፖሎች ያሉት ባለ ፕላስቲኩ፣ በሁለቱም ፈተና መጨረሻ ወጥቷል።

ንባቡን የወሰድሁት ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያም በየ10 ደቂቃው ደጋግሜዋለሁ፤ ኤልኢዲው ሲግልና ድንጋዩ ሲደክም ብርሃኑ ስለሚቀንስ የመጀመሪያው ቅጽበት ድምቀት ብዙ አይነግርም። ሁሉም ሙሉ በሙሉ ቻርጅ መደረግ አለባቸው። 18650 በሚባለው የሊቲየም ድንጋይ ላይ «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ተጽፎ ካያችሁ አትመኑት፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ 3500 አካባቢ ነው። ፎቶግራፍ አንስቶ ማነጻጸርም የሚሠራው የካሜራው አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) እና የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በእጅ ከተቆለፉ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ካሜራው ደካማውን ባትሪ ራሱ ያደምቀዋል። ዓይንማ ጭራሽ ዳኛ አይሆንም፤ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ሆኖ አይታየውም።

በውጤቱ መሠረት ባለ ሌንሱን ለግቢው ጥበቃ ሰጠሁት፤ መብራት ሲጠፋ ሳሎን ውስጥ ወደ ጣሪያ ቀና አድርጌ የማበራው ከውጭ የመጣውን ነው።