4005 የቆመበት አዳራሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከአውሮራ ተነስቼ ዴንቨር ወደሚገኘው የፎርኒ የትራንስፖርት ሙዚየም ሄድኩ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሸሚኖ ነበር፣ ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ። አሮጌዎቹን መኪኖች ቶሎ ቶሎ አልፌ በቀጥታ ወደ ቁጥር 4005፣ ወደ ግዙፉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ (ባቡር ጎታች) አመራሁ።

ከፊቱ ተነስቼ እስከ ከሰልና ውኃ መጫኛው ጫፍ ድረስ ተራመድኩ፤ 40 ሜትር ነው። ከ16ቱ ዋና ዋና እግሮች (መንኮራኩሮች) አንዱ አጠገብ ስቆም በቁመት እኩል ሆንን፦ 1.73 ሜትር። “ቢግ ቦይ” ይሉታል፣ ትልቁ ልጅ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1941 ስኬኔክታዲ፣ ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያው ሲሠራ አንድ ሠራተኛ በጠመኔ ፊቱ ላይ የጻፈው ስም ነው፤ በዚያው ጸና።

ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ እነዚህን ሎኮሞቲቮች ያሠራው ለዩታው የዋሳች ዳገት ነበር። ከባድ የጭነት ባቡር ያንን ዳገት እንዲወጣ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይጨመርለት ነበርና፣ ብቻውን የሚጎትት ተፈለገ። ግን ይህን የሚያህል ብረት ኩርባ ላይ እንዴት ይታጠፋል? ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁት። እግሮቹ ስምንት ስምንት ሆነው ለሁለት ተከፍለዋል። የኋለኞቹ ውኃው ከሚፈላበት ቦይለር ጋር አንድ ናቸው፤ የፊተኞቹ ግን በማጠፊያ ስለተያያዙ ሐዲዱን ተከትለው ይዞራሉ። እኔን ከግዝፈቱ ይልቅ የማረከኝ ይህ ብልሃት ነው። እሳቱንም በአካፋ መመገብ የማይታሰብ ነው፤ ከ25 ቶን በላይ የሚሆነውን የድንጋይ ከሰል ወደ ምድጃው የሚገፋው በእንፋሎት የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ነበር።

ይሄው 4005 እ.ኤ.አ. በ1953 ዋዮሚንግ ውስጥ ተገልብጦ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። ጠግነው ወደ ሥራ መለሱት። ያንን ሳስብ እጄን ብረቱ ላይ ጭኜ ትንሽ ቆየሁ።

ከተሠሩት 25 ውስጥ ዛሬ ያሉት 8 ብቻ ናቸው። ከእነዚህም በሐዲድ ላይ የሚሄደው 4014 ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሞ ከኖረ በኋላ፣ ከሰሉ በዘይት ተተክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና ተነሣ።

ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

“የሐዲዱ ስፋት ስንት ነው?”

“1,435 ሚሊ ሜትር።”

“የኛ አሮጌው አንድ ሜትር ነው” አለና ዝም አለ። ቀጥሎ፣ “ማጠፊያው አልታየኝም፤ ቅረብና አንሳልኝ” አለኝ።

ተመልሼ ተንበረከክሁ።